«አጥፋው» ሳያጠፋ ነካ አሉ

ጥቅምት 4

ለምወድህ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ብርዱም ሥራውም አይክበድህ፣ የሰው አገር ሰው አይክፋብህ፣ ፈጣሪ በቀኝህ ይቁም። እኔና ሁለቱ ልጆች ደህና ነን። አራተኛችንን ግን ደህና ነው ብዬ በወረቀት ላይ ልዋሽ አልችልም። በስልክ ዋሽቼሃለሁ። «ሥራ ላይ ነው» ያልኩህ ዕለት ጋሼህ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ አሁንም እዚያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ግምጃ ቤቴ ውስጥ የሳሙና ካርቶን እየቆጠርኩ ነበር። ትልቅ የብረት በር ከፎቅ የተወረወረ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። መብራቱ ድርግም አለ፤ የፋብሪካው ማሽን ሁሉ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ሮጥኩ። ዋናው የኤሌክትሪክ ሳጥን ያለበት ክፍል ስደርስ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተኝ። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ሁለት እጆቹን፣ ታጥቦ ፎጣ እንደሚጠብቅ ሰው፣ ወደ ፊት ዘርግቷቸዋል። ፊቱ ከሰል መስሏል። «እኔ ነኝ» ብለው ምን አለኝ መሰለህ? «እጀታውን አውርዱት፤ ሳጥኑን ማንም እንዳይነካው።» እኔን አይደለም የጠራው። ከኋላዬ የሚሮጡት እንዳይሞቱ ነበር የሚያስበው።

ከቀኝ እጁ ሁለት ጣት ተቆርጧል። ቀኝ ዓይኑ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። የግራው ይተርፋል ብለውኛል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። አንድ የአስተዳደር ሰው ወረቀት ይዞ አልጋው ድረስ መጣ። «ሠራተኛው ኃይል ሳያጠፋ፣ በራሱ ቸልተኝነት» ይላል። ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ዘበኛ «አጥፋው» እያለ የሚጠራውን ሰው! አምፖል ሲቀይር እንኳ «አጥፍታችኋል?» እያለ ሦስት ጊዜ ስለሚጠይቅ ሃያ ዓመት የተሳለቁበትን ሰው፣ ሳያጠፋ ነካ ይሉታል! «ይፈርም» አለኝ ሰውዬው። እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል አልኩት። «የጣት አሻራም ይበቃል» አለ። «የትኛውን ጣት?» አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ወጣ።

በስልክ ስናወራ ሁለታችንም እንጯጯሃለን፣ ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። ወረቀት አይቋረጥም፤ ስለዚህ ጻፍልኝ። አንተ የሙያው ሰው ነህ፣ ሙያውንም ያስተማረህ እሱ ነው። ምን ልበላቸው?

እህትህ


ጥቅምት 27

ለክብርት እህቴ፣

እትዬ፣ ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። ፈጣሪ ጋሼን ይማርልን፣ ለአንቺም ጽናቱን፣ ለልጆቹም አባታቸውን አይንፈግ። እንባዬን እዚህ ማንም አላየውም፤ አንቺ ግን እወቂው።

ነገር ግን እንደ ባለሙያ ልናገር። እዚህ የኃይል ማመንጫ ግንባታ ላይ የደህንነት ተቆጣጣሪ ከሆንኩ አራት ዓመት አልፎኛል። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ ጓጉንቸር አለው። መስመሩን ያጠፋል፣ ማጥፊያውን በጓጉንቸሩ ይቆልፋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል። ከዚያ በቴስተር ይፈትሻል። ከዚያ በኋላ ነው እጁን የሚያስገባው። ይህን ያላደረገ ሰው ጓደኛዬም ቢሆን በዚያው ቀን ከበር አስወጣዋለሁ። ሦስት ሰው አስወጥቻለሁ።

ታዲያ ጋሼ ለምን አላጠፋም? እኔን እጄን በብሎን መፍቻ እየመታ «መጀመሪያ አጥፋ፣ ከዚያ ፈትሽ፣ ከዚያ ጠርጥር» ያለኝ እሱ አልነበረም? ቢታዘዝስ፣ እምቢ ማለት አይችልም? አትቀየሚኝ፤ ስናደድ እንዲህ ነኝ።

አንድ ነገር ንገሪኝ። ሳጥኑ የድሮው ነው ወይስ ተቀይሯል? በሩ እንዴት ተከፈተ አሉ?

ለጋሼ ግንባሩን ሳሚልኝ።

ታናሽሽ


ኅዳር 14

ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ አለን።

ደብዳቤህን ለእሱ አላነበብኩለትም። ጎረቤት እንኳ ጠያቂ ሆኖ ሲመጣ «አይዞህ» ብሎ ይጀምራል፤ አንተ «ለምን» ብለህ ጀመርክ። ጠየቅክ አይደል? እንግዲህ ስማ።

ወፍራሙ ሽቦ የታሰረበት ብሎን ላልቶ ይግል ነበር። የምርት ኃላፊው (ያኔም «ቶሎ ቶሎ» ነበር የምንለው፣ ዛሬም ስሙ አልተለወጠም) እላዩ ላይ ቆሟል። የነገረኝ አጠገባቸው ሲጠርግ የነበረው የጽዳት ሠራተኛ ነው። ባለቤቴ «ላጥፋውና ላጥብቀው፣ ሩብ ሰዓት ነው» አለ።

«ጋኑ ውስጥ ስድስት ቶን ሳሙና እየፈላ ነው። ማማሰያው ሩብ ሰዓት ከቆመ ድንጋይ ይሆናል። አንተ ትፈልጠዋለህ?»

«እሺ፣ የጎማ ጓንት ይሰጠኝ።»

«ጓንት ከሚስትህ ጠይቅ!» ብሎ ሳቀ።

ከሚስቱ ጠይቆ ነበር፣ ወንድሜ። በዚያው ጠዋት መስኮቴ ላይ መጥቶ «የጎማ ጓንት ገባ?» አለኝ። «አልገባም» አልኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ አልገባም። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም፤ ካርቶን እየቆጠርኩ ነበር።

እምቢ ማለት አይችልም ወይ ብለሃል። አምና እምቢ ያለው መካኒክ ዛሬ የኋላ በር ዘበኛ ነው። አንተ ቁልፍህን ኪስህ ከተህ እምቢ ትላለህ፤ ያ ቁልፍ ከኋላህ የቆመ ሕግ ነው። የእሱ ኪስ ውስጥ ምን ነበር? መሐረብ።

ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ ይባላል። ግድግዳው ግን የተደረመሰው እሱ ላይ ሳይሆን የእኔ ባል ላይ ነው።

በጥር መጨረሻ አጣሪ ኮሚቴ ይቀመጣል። ከፋብሪካው ሁለት ሰው፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ አንድ፣ ከመንግሥት የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አንዲት ሴት። ገንዘብ ላክ አልልህም፤ የምፈልገው ቃልህን ነው። ስድስት ዓመት ከሥሩ ሠርተሃል፣ ዛሬ በዚሁ ሙያ ተቆጣጣሪ ነህ። እንዴት ይሠራ እንደነበረ፣ ማን ምን ያዝዝ እንደነበረ ጽፈህ፣ ፈርመህ ላክልኝ። ይኸው ነው።

ሳጥኑ የድሮው ነው። በሩማ እንደ ማንኛውም በር ተጎትቶ ተከፈተ። ምን ጥያቄ ነው ይህ?

እህትህ


ታኅሣሥ 3

እትዬ፣ ሰላምሽ ይብዛ፣ የቤትሽ ሰላም ይመለስ።

ሥራ በዝቶብኝ በአጭሩ ነው የምጽፈው። የምስክርነቱን ነገር አስቤበታለሁ። ድርጅታችን ስለ ሌላ ድርጅት በጽሑፍ አስተያየት መስጠት አይፈቅድም። ደግሞም እኔ በዕለቱ አልነበርኩም፤ የእኔ ቃል ምን ይጠቅማል? ጠበቃ ብትይዙ ይሻላል።

በሚመጣ ሰው እጅ ጥሩ የጎማ ጓንት ልኬያለሁ፤ ከፍተኛ ኃይል የሚችል ነው።

ጋሼ ስለ በሩ ያለው ነገር አለ? እኔንስ አንስቶኝ ያውቃል?

ታናሽሽ


ታኅሣሥ 20

ጓንቱ ደርሷል። ከነአምስት ጣቱ።

ባለቤቴ ከሆስፒታል ወጥቷል። በግራ እጁ ማንኪያ መያዝ እየተማረ ነው። ትንሿ ልጃችን «እንደ እኔ ነው የምትይዘው» ብላ ሳቀችበት፤ እሱም ሳቀ፤ እኔ ግን ወጥ ቤት ገብቼ ሰሃን ሰበርኩ። አምልጦኝ አይደለም፤ አንስቼ ነው የሰበርኩት።

ስለ ሳጥኑ ስጠይቀው «ተይው» ይላል። ስለ ቶሎ ቶሎ ስጠይቀው ይናገራል፣ ይሳደባልም። በሩን ሳነሳበት ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንተ ደግሞ በየደብዳቤህ በሩን ትጠይቀኛለህ። አንዱ ስለሱ ከመስማት ይሸሻል፣ ሌላው መጠየቁን አይተውም። ምንድን ነው የምትደብቁኝ?

ድርጅትህ አይፈቅድም? እሱ አንተን ሲያስተምር የማን ፈቃድ ጠይቆ ነበር?

መልስ እጠብቃለሁ።


የካቲት 2

ስድስት ሳምንት ሞላ። አልጻፍክም። ስደውል ስልክህ ይጠራል፣ አይነሳም። ኮሚቴው ወደ መጋቢት መዛወሩን የነገርኩት ለስልክህ የድምፅ መቅጃ ነው።

እንግዲህ ያገኘሁትን ልንገርህ። በባለቤቴ ቦታ አንዲት ኤሌክትሪሽያን ተቀጥራለች፤ አዲሷ እንላታለን። መስኮቴ ላይ መጣችና «የዋናው ሳጥን በር መቀርቀሪያ የለውም፣ ተቆርጧል፤ የዕቃ መጠየቂያ ስጪኝ» አለችኝ። ምኑ ነው አልኳት። አስረዳችኝ። እጀታው ወደ ታች ካልወረደ፣ ማለትም መብራቱ ካልጠፋ፣ በሩ እንዳይከፈት የሚይዝ ብረት ነው። «እሱ ቢኖር ሰውዬው ቢታዘዝም ቢለመንም ሳያጠፋ ሊከፍተው አይችልም ነበር» አለችኝ።

ወደ ኋላ መደርደሪያ ሄጄ አሮጌ መጠየቂያዎችን አወረድኩ። አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉም በባሌ የእጅ ጽሑፍ። «ለዋናው ሳጥን በር መቀርቀሪያ፣ አንድ። የቀድሞው ተቆርጦ ስለወጣ። ሳይተካ መቆየቱ የሰው ሕይወት ያጠፋል።» በየዓመቱ ይጽፋል፣ አንዳንዴ በዓመት ሁለት ጊዜ። በሁሉም ላይ የእኔ ማኅተም አለ፤ «በክምችት የለም» ይላል። ሳላነብ ነው የመታሁት፣ ወንድሜ። አሥራ አንድ ጊዜ ሳላነብ። የራሴን ድርሻ አውቄያለሁ፤ በየቀኑ እያመመኝ ነው።

የመጀመሪያው የተጻፈው ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አንተ በሄድክ በሳምንቱ ነው።

ወረቀቶቹን ይዤ ቤት ሄድኩ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋኋቸው። «ማን ነው የቆረጠው?» አልኩት። ወረቀቶቹን በግራ እጁ ሰበሰበ። «እኔ ሚስትህ ነኝ፣ ማን ነው?» አልኩት። ስምህን አላነሳም። አለማንሳቱ ነው የነገረኝ።

ከአደጋው ወዲህ ስለ በሩ ያልተናገረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባኝ። በሩን ካነሳ «ማን?» ይሉታላ። አንተ ግን «እምቢ ማለት አይችልም?» ብለህ ጻፍክበት! ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ሲባል የሰማሁት ነበር፤ ሲጽፍ ግን ገና አሁን ማየቴ ነው።

አንተ ነህ? አዎ ወይም አይደለም በል። ሌላ ቃል አልፈልግም።


የካቲት 22

እትዬ፣

ሰላምታ ብጽፍ ትቀጂዋለሽ ብዬ ተውኩት።

አዎ። እኔ ነኝ።

ጋሼ እናቱን ሊቀብር ሄዶ ሦስት ቀን ያልነበረ ጊዜ ነው። የመሄጃ ወረቀቴ ሁሉ አልቆ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ቶሎ ቶሎ ጠራኝ። በሩን ለመክፈት ብለን በየጊዜው መብራት ስለምናጠፋ ምርት ይቆምበታል። «ያንን ብረት አንሳልኝ፤ ባነሳኸው ቀን ደብዳቤህን እፈርማለሁ» አለኝ። መጋዝ አመጣሁ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ከሰዓት በኋላ ደብዳቤዬን ተቀበልኩ።

ጋሼ ተመልሶ የተቆረጠውን ቦታ በጣቱ ዳሰሰው። አልጮኸብኝም። «ይሄን የቆረጠ ሰው ለአንድ ሰው መቃብር ምሷል። መልሰህ ግጠመው» አለኝ። «ቅዳሜ» አልኩት። ቅዳሜ ሻንጣ ስገዛ ዋልኩ። ማክሰኞ ተሳፈርኩ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኔ የወጋሁት ግን ረስቼው አላውቅም። እዚህ ያን ያህል ጥብቅ የሆንኩት፣ ሦስት ሰው ያባረርኩት፣ ከጽድቅ አልነበረም፤ በየሠራተኛው እጅ ያንን መጋዝ ስለማይ ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ጋሼ ዓይን አይደለም። «በሩን አወቁ ይሆን?» ነው ያልኩት። ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ፤ ግን እውነቱ ይህ ነው። የጮኽኩበትም ጥፋቱ የእሱ ቢሆንልኝ ብዬ ነው።

ከዚህ ጋር ሁለት ገጽ ምስክርነት አለ። ማን እንዳዘዘኝ፣ መቼ እንደቆረጥኩት፣ መቀርቀሪያው ምን ይሠራ እንደነበር፣ ጋሼ መልሰህ ግጠመው እንዳለኝና እንዳልገጠምኩ ሁሉንም ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በሕግ ፊት አረጋግጫለሁ። ለኮሚቴው ስጪ። ስሜን የሚያጠራ አንድ ቃል የለበትም።

ለአለቃዬም ነገርኩት። ሰማኝና «ያን የሠራ ሰው የሌላውን ቁልፍ ሊጠብቅ አይችልም» ብሎ የተቆጣጣሪነት መታወቂያዬን ከደረቴ ነቀለው። አሁን ኬብል ጎታች ነኝ። አልተከራከርኩም። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። ለዚያ ገና ነኝ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 11

ወንድሜ፣

ጤና ይስጥልኝ። ይህን መጻፍ ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ እጄ እሺ አለኝ።

ኮሚቴው መጋቢት 18 ተቀመጠ። ደብዳቤህን የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ ራሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችው። ቶሎ ቶሎ ክራቫቱን እየጎተተ «ባሕር ማዶ ሆኖ ማንም የፈለገውን ይጽፋል» አለ። እኔ አሥራ አንዱን መጠየቂያ አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፤ አስቀምጬ ስጨርስ ማኅተሙ የእኔ መሆኑንም ተናገርኩ። «አንቺም ከጥፋቱ አለሽበት ማለት ነው?» አለኝ ከፋብሪካው ሰዎች አንዱ። «አለሁበት። አንተስ?» አልኩት።

ከዚያ ተቆጣጣሪዋ ባለቤቴን «ስለ መቀርቀሪያው እስከ ዛሬ ለምን ዝም አሉ?» አለችው። ተነሳ። ያቺን እጁን ጠረጴዛው ላይ አሳረፋት።

«ከእኔ አፍ ቢወጣ ክስ ነው፤ ከልጁ አፍ ሲወጣ ግን ምስክርነት ነው። እስኪናገር ጠበቅኩት» አለ። ቀጥሎ ወደ ቶሎ ቶሎ ዞረ። «እኔም ጥፋት አለብኝ። ሃያ ዓመት ሰዉን ‹አጥፋው› ስል ኖሬ ያን ቀን ለራሴ አልነገርኩትም። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ እሱ የእኔ ነው፣ እወስደዋለሁ። የቀረውን ግን እየቆጠርክ ውሰድ።»

«በራሱ ቸልተኝነት» የሚለው ተሰረዘ። በቦታው «በኃላፊው ትእዛዝ፣ መከላከያ ባልተሟላበት ሁኔታ» ተብሎ ተጻፈ። ሕክምናውን ፋብሪካው ይችላል። መቀርቀሪያው ተገጠመ፤ ዘጠኝ ዓመት ጠፍቶ የነበረው ብረት በአራት ቀን ተገኘ! ቶሎ ቶሎን አባረሩት ብለህ ደስ እንዳይልህ። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ተዛወረ፤ ወንበሩ የሚሽከረከር ነው አሉ። ይህን ስሰማ ጥርሴን ነክሼ አፌን ደም ደም አለኝ። እስካሁንም አልበረደልኝም፤ ይብረድልኝም አልልም።

አዲስ ኃላፊ መጣ። በሦስተኛ ሳምንቱ ያው ሽቦ ጭስ አወጣ፤ ጋኑ ሙሉ ነበር። አዲሷን «ክፈቺና አጥብቂው» አላት። «ካልጠፋ አይከፈትም» አለችው። እየሮጠ እኔ ጋ መጥቶ መጋዝ ጠየቀኝ። ከኋላዬ አራት መጋዝ ተሰቅሏል። «ለዚህ ሥራ መጋዝ የለኝም» አልኩት። «እያየሁት ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ። «እየው» አልኩትና መስኮቱን ዘጋሁ። የማሸጊያ ሴቶች ከመስመራቸው ተነስተው መጥተው ከመስኮቴ ፊት ቆሙ። ማንም አልጠራቸውም። እጀታው ወረደ፣ መብራት ጠፋ፣ ሳሙናው ጋኑ ውስጥ ድንጋይ ሆነ። ሦስት ቀን ሙሉ በዶማ ፈለጥነው፤ እኔም ፈለጥኩ። መዳፌ ውኃ ቋጠረ። አዲሷ ግን አሥሩም ጣቶቿ ደህና ናቸው።

ደብዳቤህን ለባለቤቴ ሦስት ጊዜ አነበብኩለት። በሦስተኛው «ቅዳሜ ሻንጣ ስገዛ ዋልኩ» ከሚለው ስደርስ ሳቀ። «ሻንጣው ጥሩ ነበር፣ አብሬው ሄጄ የመረጥኩለት እኮ እኔ ነኝ» አለ። ያን ቀን አብሮህ እንደዋለ አልነገርከኝም። እያወቀ አብሮህ ዋለ። ምን ዓይነት ሰው ነው ያገባሁት?

እሱ ይቅር ካለህ ቆይቷል፤ ምናልባት ያኔ ሱቁ ውስጥ ሳለ ይሆናል። እኔ ግን አላልኩም። ጠዋት ሸሚዙን ስቆልፍለት እናደድብሃለሁ። መንገድ ሲሻገር በቀኙ የመጣ መኪና ሳይታየው ክንዱን ስጎትተው እናደድብሃለሁ። መቼ እንደሚያልቅልኝ አላውቅም፣ እንዲያልቅም አልቸኩልም።

በሐምሌ ፈቃድ እንዳለህ በስልክ እንደነገርከው ባለቤቴ ብሎኛል። ስትመጣ መጀመሪያ የምትሰማው የእኔን ስድብ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ካለው ጀምሬ ነው የምሰድብህ፣ ረጅም ነው፣ ተቀምጠህ ትሰማዋለህ።

ቢሆንም ና።

እህትህ